ለእናቴ የሠራሁት የእጅ ሰዓት አሳሳታት፤ ለሚለበስ ዕቃና ለሮቦት ዲዛይን ከየት ይጀመራል?

የቀሃ_ልጅ · ሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ጎንደር ነው ያለሁት፣ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ለእናቴ የሠራሁላት መድኃኒት አስታዋሽ የእጅ ሰዓት ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ኢኤስፒ 32 የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ፣ ክብ ትንሽ ስክሪን፣ አንድ የንዝረት ሞተር፣ በቃ ይኼው ነው። ኮዱ ይሠራል። ባትሪውም ሁለት ቀን ይቆያል። ላብ ውስጥ ስሞክረው ምንም እንከን አልነበረውም።

ባለፈው ረቡዕ ግን ልቤን ሰበረው። ጠዋት ሰዓቱ ነዘረ። እናቴ እጇን ከጋቢዋ አውጥታ አየችው። እኔ የጻፍኩት «ሜትፎርሚን በባዶ ሆድ አይውሰዱ» የሚል ነበር፤ ሜትፎርሚን የስኳር መድኃኒቷ ነው። ስክሪኑ ጠባብ ስለሆነ መጨረሻው ተቆረጠ። እሷ ያነበበችው «ሜትፎርሚን በባዶ ሆድ…» ብቻ ነው። ቀኑ ጾም ነው፣ እህል አልቀመሰችም። «ልጄ እንዲህ ካለች ታውቃለች» ብላ በባዶ ሆዷ ዋጠችው። ግማሽ ቀን ሲያቅለሸልሻት፣ ሆዷን ይዛ ዋለች።

አሁን ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ሰዓቱን ከእጇ ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በጣም ያመመኝ ኮዱ አለመበላሸቱ ነው። ሁሉም ነገር እንዳዘዝኩት ሠርቷል። የተሳሳተው እኔ ነገሩን የነገርኳት አነጋገር ነው።

እስካሁን የተማርኩት የስልክና የድረ ገጽ ዲዛይን ነው። ስልክ ላይ ጽሑፍ ሲረዝም ሰው ወደ ታች ይስበዋል። እጅ ላይ ግን አንዴ ገረፍ አድርጎ አይቶ ነው የሚያልፈው። በዚያ ላይ ጓደኞቼ እንግዳ ተቀብሎ መንገድ የሚያሳይ ትንሽ ሮቦት እየሠሩ ነው፣ «ኢንተርፌሱን (ሰውና ሮቦቱ የሚግባቡበትን) አንቺ ሥሪልን» ብለውኛል። እሱ ጭራሽ ስክሪን የለውም። ከየት ልጀምር? የሠራችሁ፣ የተጠቀማችሁ፣ ወይም እንደ እናቴ የተቸገራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሲስተር_አዘዞ · ሰኞ ማታ 2፡48

እንኳን ተሻላቸው የኔ እህት። ሜትፎርሚን በባዶ ሆድ ሲወሰድ ሆድ ይረብሻል፣ ያቅለሸልሻል። ከምግብ ጋር የሚታዘዘውም ለዚህ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ፣ ኮድ አላውቅም። ስለ ሰው ግን ልንገርሽ። ያንቺ ዕቃ የሚቆጥረው ሰዓት ነው፣ መድኃኒቱ ግን የታሰረው ከማዕድ ጋር ነው። እናትሽ ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ፣ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ፣ የጠዋት 2 ሰዓት ማስታወሻ ምን ይሠራላቸዋል? ዕቃው መጀመሪያ መብላታቸውን ይጠይቅ። ከበሉ መድኃኒቱን ይንገራቸው፣ ካልበሉ ይጠብቅ። ጾሙና መድኃኒቱ እንዴት ይሂዱ የሚለውን ግን ከሐኪማቸውና ከነፍስ አባታቸው ጋር ተነጋግራችሁ ጨርሱት፣ እሱን ለሰዓት አትተዪው።

ሌላው ብዛቱ ነው። እኔ የምሠራበት ክፍል ሞኒተሮቹ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻሉ። አብዛኛው ጩኸት ገመድ ስለላላ ወይ በሽተኛው ስለተገላበጠ ነው። ቆይቶ ቆይቶ ጆሮ ይለምደውና መስማት ያቆማል። በሕክምናው የታወቀ ችግር ነው፣ የማንቂያ ድካም ይባላል፤ እውነተኛው ጩኸት ሲመጣም ከሌላው ጋር አብሮ ይታለፋል። ሰዓትሽ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚነዝረው?

የቀሃ_ልጅ · ሰኞ ማታ 2፡55

አሁን ኮዱን ከፍቼ ቆጠርኩት ሲስተር። 11 ጊዜ። ለመድኃኒት 2 ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው «ውሃ ይጠጡ»፣ «ተነሥተው ይራመዱ»፣ «ባትሪ ቀንሷል» የሚል ነው። ንዝረቱም ሁሉም አንድ ዓይነት።

ጠጋኙ_አራዳ · ሰኞ ማታ 3፡20

እህቴ አይዞሽ። አራዳ ላይ ስልክና ሰዓት ስጠግን 14 ዓመት ሆነኝ። «ተበላሸ» ተብሎ የሚመጣልኝ ስማርት ሰዓት ብዙውን ጊዜ አልተበላሸም። ሰውየው «ሰዓቱን በኛ አድርግልኝ» ነው የሚለኝ። በፈረንጅ 9፡00 የሚለው ለኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ብዙዎቹ ሰዓቶች የኛን አቆጣጠር የሚመርጡበት ቦታ የላቸውም።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። የሰዓት ቀጠናውን ከአዲስ አበባ አነሣና የአርጀንቲናዋን ቦነስ አይረስ አደርገዋለሁ። እኛ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንቀድማለን፣ እነሱ በ3 ሰዓት ይዘገያሉ፣ ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ነው። ፊቱ ላይ የኛ ሰዓት ቁጭ ይላል። ቀኑም የሚቀየረው እኩለ ሌሊት መሆኑ ይቀርና ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል፣ ልክ እኛ እንደምንቆጥረው። ደንበኞቼ በጣም ይደሰታሉ። ችግሩ ከስልክ ጋር ሲገናኝ ብዙ ጊዜ ራሱን መልሶ ያስተካክላል፣ የቀጠሮ ማስታወሻም ይዘበራረቃል። አርጀንቲና ሄዶ የሚስተካከል ሰዓት መፍትሔ አይባልም። አንቺ ከዜሮ ስለምትሠሪ ከመጀመሪያው በኛ አድርጊው።

ደግሞ አደራ፣ ንክኪ ስክሪን ለእናቶች አታድርጊ። ንክኪ የሚያውቀው የኤሌክትሪክ ለውጥን ነው፣ ውሃም ያንኑ ለውጥ ይሰጠዋል። እጅ ሊጥ ወይ ውሃ ከነካው ወይ አይሰማም ወይ ያልተነካውን ተነካሁ ይላል። ቀጭ የሚል፣ የሚጫን እውነተኛ ቁልፍ አድርጊ። ጋቢ ውስጥ ሆነው ሳያዩ በጣታቸው ዳብሰው የሚያገኙት። ከዳር ወጣ ያለ፣ ራቅ ብሎ ብቻውን የተቀመጠ።

ጎንደሬ_ሙኒክ · ሰኞ ማታ 4፡05

ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ አሁን ሙኒክ ነው የምኖረው፣ ሥራዬም የሚለበሱ ዕቃዎች ኢንተርፌስ ነው። ይህን ውይይት ሳነብ መተኛት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ያንቺ ስህተት በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ላይፈጠር ይችል ነበር።

እንግሊዝኛ ክልከላውን ከፊት ነው የሚናገረው፣ ዝርዝሩ ከኋላ ይከተላል። መጨረሻው ቢቆረጥም ዋናው ነገር ተርፏል። አማርኛ ግን ግሡን መጨረሻ ያደርጋል፣ አሉታውም እዚያው ግሡ ላይ ተለጥፎ ነው የሚመጣው። «በባዶ ሆድ አይውሰዱ» ከሚለው «አይውሰዱ» ከወደቀ የቀረው የተቃራኒው ትእዛዝ ነው። የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች ግን ጽሑፍ ሲረዝም ከኋላ ቆርጠው ሦስት ነጥብ ማድረግ ነው የለመዱት። ማንም ክፉ አስቦ አላደረገውም፣ ግሥ መጨረሻ ላይ የሚመጣበት ቋንቋ ትዝ ያላለው ሰው ነው የጻፈው። ስለዚህ አማርኛ ላይ ጽሑፍ በራሱ እንዲቆረጥ በፍጹም አትፍቀጂ። ካልበቃ ዓረፍተ ነገሩን ቀይሪው።

እንዴት ትቀይሪዋለሽ? ክልከላውን ትተሽ የሚደረገውን ንገሪያቸው። «በባዶ ሆድ አይውሰዱ» ከማለት «መጀመሪያ ይብሉ»። ሁለት ቃል። ቢቆረጥ እንኳ «መጀመሪያ» የምትለዋ ቆም ታደርጋለች። ቀጣዩ ነገር በሌላ ገጽ ይምጣ። እጅ ላይ አንድ ገጽ አንድ ሐሳብ ነው፣ እሱም ሰው ቀና ብሎ አይቶ እስኪመለስ ድረስ የሚያልቅ።

ፊደሉንም አስቢበት። ለ እና ሉ፣ ሰ እና ሱ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። ፊደሉ ሲያንስና ስክሪኑ ሲደበዝዝ ያቺ ጭረት ትጠፋለች። «ደረሰ» እና «ደረሱ» አንድ ይሆናሉ። የላቲን ፊደል በሚነበብበት መጠን የኛ አይነበብም፣ ከፍ አድርጊው። ካፒታል ፊደል ስለሌለን አንድን ቃል ለማጉላት ያለሽ መጠን፣ ውፍረት፣ ቀለምና ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ቦታን አትፍሪው።

ቁልፍ ስክሪን ላይ ማድረግ የግድ ከሆነ ጎግል ለአንድሮይድ የሚመክረው ትንሹ መጠን 48 ዲፒ (የስክሪን መለኪያ ነው) ሲሆን፣ በማስመሪያ ሲለካ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንቺ ባለሽ ክብ ስክሪን ላይ ሦስቱን ከደረደርሽ ቦታው አለቀ። ለዚህ ነው ጠጋኙ ያለው የሚጫን ቁልፍ ትክክል የሚሆነው።

ፋሲል_ሠፈር · ማክሰኞ ጠዋት 2፡30

ይቅርታ አድርጉልኝና ነገሩን አወሳሰባችሁት። ለምን በድምፅ አታደርገውም? ትንሽ ስፒከር ትግጠም፣ በአማርኛ ይናገር። ማይክ ታድርግበት፣ እናትየዋ «አዎ» ወይ «አይ» ይበሉት። ስንት እናቶች አሉ ፊደል ያልቆጠሩ! ስለ ጭረትና ስለ ሚሊ ሜትር ከምንጨቃጨቅ በድምፅ ሁሉም ያልቃል። ሮቦቱም እንደዚያው። የወደፊቱ ጊዜ የድምፅ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

በጆሮ_አንባቢ · ማክሰኞ ጠዋት 3፡15

ወንድሜ ፋሲል ሠፈር፣ እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ስልኬን የማነበው፣ ይህንንም የጻፍኩት በጆሮዬ ነው። ድምፅ ሕይወቴን ቀይሮታል፣ ስለዚህ ክፉ አልናገርበትም። ግን በድምፅ ሁሉም ያልቃል ያልከው እኔ ከምኖረው ጋር አይገጥምም።

እስቲ አስበው። እናት ለቅሶ ቤት ተቀምጣለች። ወይም ማኅበር ላይ ናት። ወይም ባጃጅ ውስጥ ከሦስት ሰው ጋር ተጣባ። ከእጇ «የስኳር መድኃኒትዎን ይውሰዱ» የሚል ድምፅ ወጣ። ሕመሟን ለሰፈሩ የመንገር መብት ለዚያ ዕቃ ማን ሰጠው? እኔ ራሴ መልእክት ሲመጣልኝ ሰው መሀል ከሆንኩ ስልኬን ኪሴ ውስጥ አፍኜ ነው የምይዘው። ንዝረት ምስጢር ይጠብቃል። ድምፅ ግን ያለውን ሁሉ ለሁሉም ነው የሚናገረው።

ደግሞ የማሽን አማርኛ ገና ነው። ይህቺን «ገና» ራሷን ተመልከት። ላልታ ስትነበብ «እስካሁን» ናት፣ ጠብቃ ስትነበብ በዓሉ ነው። ስንጽፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አንለይም። ሰው ከዐውዱ ይረዳል፣ ማሽኑ ይስታል። «ይሰማል» ላልቶ እሱ ያዳምጣል ማለት ነው፣ ጠብቆ ድምፁ ይደርሳል ማለት ነው። «ዋናው በር» የሚለውን እንደ ውሃ ዋና ሲያነብልኝ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔ ለምጄዋለሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሽማግሌ ግን ግራ ይጋባል። ሮቦቱ የሚናገረው ሃያ ሠላሳ ዓረፍተ ነገር ብቻ ከሆነ ጥሩ አንባቢ ፈልጋችሁ በሰው ድምፅ ቅዱት። ከማንኛውም የማሽን ድምፅ ይሻላል።

ማይኩስ? እኛ አገር «አዎ» ለማለት ሁልጊዜ አፋችንን እንከፍታለን እንዴ? ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፣ አለቀ። ሰሚው ገባው። ማይኩ ግን ዝም እንዳልን ነው የሚቆጥረው። እናትየዋ አምስት ጊዜ «አዎ» ብላው አምስት ጊዜ መልሶ ሲጠይቃት አስበው። የተናቀች ይመስላታል። ይህንን ድምፅ ቀድቶ ለማሽን የሚያስተምር ሰው ቢገኝ ትልቅ ሥራ ይሆን ነበር።

እህቴ የቀሃ ልጅ፣ ስለ ንዝረት ካወራን ቆዳችን ይበልጥ የሚሰማው በሰከንድ ከ200 እስከ 300 ጊዜ የሚርገበገበውን ነው። ሞተር ስትመርጪ ይኼን እዪ። ከጥንካሬው ይልቅ ግን ምቱ ነው የሚታወሰው። እኔ ስልኬ ላይ ለእናቴ ሁለት አጭርና አንድ ረጅም አድርጌያለሁ፣ እንቅልፍ ላይ ሆኜም እለየዋለሁ። ብዙ ምት አታብዢ። ሦስተኛው ላይ እኔም መደባለቅ እጀምራለሁ።

ሲስተር_አዘዞ · ማክሰኞ ምሳ 6፡40

በጆሮ አንባቢ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የለቅሶ ቤቱ ነገር ትልቅ ነው። ሕመማቸውን ከጎረቤት ደብቀው ክኒን በመሀረብ ጠቅልለው የሚመጡ እናቶች አውቃለሁ።

በንዝረቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስኳር ብዙ ዓመት ሲቆይ ነርቭ ይጎዳል፣ የንዝረት ስሜትም ይደነዝዛል። አብዛኛውን ጊዜ ከእግር ይጀምራል፣ እጅ ላይ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ለስኳር ሕመምተኛ ዕቃ ስትሠሪ ንዝረቱ ይሰማቸው እንደሆነ መጀመሪያ ሞክሪ። አንቺ ስለተሰማሽ እሳቸው ይሰማቸዋል ማለት አይደለም።

ፋሲል_ሠፈር · ማክሰኞ ምሳ 7፡05

ስለ ለቅሶ ቤቱ አላሰብኩም ነበር፣ እውነታችሁን ነው። የኔም እናት መድኃኒቷን ሰው ፊት አትወስድም። እንግዲያው ሌላ ሐሳብ ልስጥ፣ የልብ ምትና የኦክስጅን ሴንሰር ቢጨመርበትስ? ርካሽ ሆኗል እኮ። ቁጥሩን እያዩ ራሳቸውን ይጠብቁ ነበር።

ሲስተር_አዘዞ · ማክሰኞ ማታ 1፡30

ሐሳቡ ከቅንነት ነው፣ ግን ጠንቀቅ እንበል። እነዚህ ሴንሰሮች ቆዳ ላይ ብርሃን አብርተው የሚመለሰውን ነው የሚለኩት። ጠቆር ያለ ቆዳ ብርሃኑን ይበልጥ ይውጠዋል። በፈረንጆቹ 2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ ያውም በሆስፒታል መለኪያ ላይ የተሠራ። ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ ከ92 እስከ 96 በመቶ እያሳየ በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው ከ88 በታች የሆነውን ቆጠሩ። ከነጮቹ ንባቦች 3.6 በመቶ ላይ ነው የተገኘው፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ላይ። የሆስፒታሉ እንዲህ ከሳተ ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘውን አስቡት። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ኦክስጅኑ በመጠኑ ዝቅ ቢል አይገርምም።

ቁጥር ስክሪን ላይ ሲወጣ ሰው ያምነዋል። 97 ካለ «ደህና ነኝ» ብሎ ሐኪም ጋ ሳይመጣ ይቀራል። እርግጠኛ ያልሆነ ነገር በትልቁ፣ በአረንጓዴ፣ በሚያምር ፊደል ሲጻፍ እርግጠኛ ይመስላል። ይኼ ደግሞ የዲዛይን ጉዳይ ነው፣ የሴንሰር ብቻ አይደለም። የእናትሽ ሰዓት መድኃኒት ያስታውስ፣ እሱን በደንብ ይሥራ።

ጎንደሬ_ሙኒክ · ማክሰኞ ማታ 2፡00

በሲስተር ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አንድ ዕቃ ሁሉን ልሥራ ሲል የሚሆነውን እዚህ በቅርብ አይተናል። ሂውሜን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በ2024 ደረት ላይ የሚለጠፍ ዕቃ በ699 ዶላር ሸጠ። ስክሪን የለውም፣ በድምፅ ይታዘዛል፣ መልሱን በሌዘር መዳፍ ላይ ይጽፋል። ስልክን ይተካል ተባለለት። ፀሐይ ላይ መዳፍ ላይ የተጻፈው አይነበብም፣ መልሱም ይዘገያል፣ ይግላል። በ2025 መጀመሪያ አገልግሎቱ ተዘጋ፣ የገዙትም ሰዎች ዕቃው እጃቸው ላይ ቀረ። የጎንደር የቀትር ፀሐይ ላይ ያንን መዳፍ ለማንበብ የሚሞክር ሰው ታየኝ። አንቺም ስክሪንሽን ቤት ውስጥ ብቻ አትሞክሪ፣ ቅዳሜ ገበያ ይዘሽው ውጪ።

ሮቦት_ላብ · ማክሰኞ ማታ 3፡10

የሮቦቱን ጥያቄ እስካሁን ማንም አልነካውም፣ ልግባበት። የላብ ቴክኒሻን ነኝ፣ ከተማሪዎች ጋር ሦስት ተሽከርካሪ ሮቦቶች ሠርተናል። የመጀመሪያው ዝም ብሎ ቆሞ ቆሞ ድንገት ይነሣ ነበር። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ጥላ ሮጠች። ምንም አልነካትም፣ ፍጥነቱም ትንሽ ነበር። ግን ሊሄድ መሆኑን አልነገራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ኮሪደር መግባት ትፈራ ነበር፣ እኛም ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት።

ሮቦት ስክሪን የለውም አልሽ። ስክሪኑ ገላው ነው። የዞረበት አቅጣጫ፣ ፍጥነቱ፣ ከሰው የሚቆምበት ርቀት፣ ሁሉም ይናገራል። አሁን የኛ ሮቦት ከመንቀሳቀሱ በፊት አንገቱን ወደሚሄድበት ያዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ለአፍታ ይቆያል፣ ከዚያ ነው የሚነሣው። ሰው እንዲህ አይደል የሚያደርገው? ከመሄዱ በፊት ያያል። ይህቺ አፍታ ብቻ ፍርሃቱን አጠፋችው።

ጊዜም እንደዚሁ። ሰው ከሰው ሲያወራ በአንዱ ንግግርና በሌላው መልስ መሀል ያለው ክፍተት በአማካይ 0.2 ሰከንድ ገደማ ነው። ሮቦት ሰምቶ፣ ተርጉሞ፣ መልስ እስኪያገኝ ሦስት አራት ሰከንድ ይወስድበታል። በዚያ መሀል ዝም ካለ ሰውየው ደግሞ ይናገራል፣ ሁለቱ ይደራረባሉ። ስለዚህ መልሱ ቢዘገይም መስማቱን ቶሎ ያሳይ። ወደ ተናጋሪው ዘንበል ይበል፣ ወይ ዓይኑ ይብራ።

የማቆሚያ ቁልፉን ለውበት ብላችሁ እንዳትደብቁት። በቢጫ መደብ ላይ ቀይ፣ እንደ እንጉዳይ ወጣ ያለ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደው እሱ ነው። ሕፃንም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያለም ሰው የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ደግሞ በኮድ አታድርጉት። ሲጫን የሞተሩን ኃይል በቀጥታ የሚቆርጥ ሽቦ ይሁን፣ ኮዱ ተሰቅሎ በቀረበት ሰዓት ነው ቁልፉ የሚፈለገው።

ፊቱን ሰው ለማስመሰል አትድከሙ። ጃፓናዊው የሮቦት ተመራማሪ ማሳሂሮ ሞሪ በፈረንጆቹ 1970 የጻፈው ነገር አለ፣ ሮቦት ሰው ለመምሰል በጣም ሲቀርብና ትንሽ ሲጎድለው ሰው ይቀፈዋል። ሶፊያ የምትባለው የሰው ፊት ያላት ሮቦት በፈረንጆቹ 2018 አዲስ አበባ መጥታ በነበረበት ጊዜ ሁሉም የጠበቀው እንደ ሰው እንድትጨዋወት ነው። ፊት የሰው ሲሆን ሰው የሚጠብቀውም የሰው ነገር ነው፣ ያንን ማሟላት ከባድ ነው። ሁለት ዓይንና የሚዞር አንገት ይበቃችኋል።

ዕቃ የሚያቀብል እጅ ካለው በቀኝ ይሁን፣ ከተቻለ በሁለቱም። በግራ ሲሰጥ አንድ አዛውንት አንቀበልም አሉን፣ ትክክል ናቸው። ሮቦቱ የሚለቀው ተቀባዩ ይዞት ክብደቱ ሲቀልለት ብቻ ነው፣ ቀድሞ ከለቀቀ ይወድቃል፣ ዘግይቶ ከለቀቀ ጉተታ ይሆናል።

የመጨረሻው አነጋገሩ ነው። «ግባ» ይላል ወይስ «ግቢ»? በካሜራ አይቶ ወንድ ሴት ለመለየት አትሞክሩ፣ ሲስት ያዋርዳል። «ይግቡ» ካለ ጾታ አይነካም፣ ክብርም አለው። ልጆች ግን «ይግቡ» ሲላቸው ዘወር ብለው ከኋላቸው ማን እንዳለ ያያሉ። እኛ በመጨረሻ «መግቢያው በዚህ በኩል ነው» የሚለው ላይ ሰፈርን።

የቀሃ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3፡35

ሮቦት ላብ፣ እጅ ነሣሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ኮዱ ገና አላለቀም። ሳያልቅ በሰው ላይ መሞከር ይቻላል?

ሮቦት_ላብ · ማክሰኞ ማታ 3፡50

ይቻላል፣ እንዲያውም የሚሻለው እሱ ነው። አንድ ሰው መጋረጃ ጀርባ ሆኖ በሪሞት ይንዳው፣ ድምፁንም እሱ ይምረጥ። እንግዳው ሮቦቱ ራሱ የሚያስብ ይመስለዋል። የታወቀ ዘዴ ነው፣ ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራበታል። ሰው ምን እንደሚጠይቀው፣ የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚያስፈራው አንድ መስመር ኮድ ሳትጽፉ ታያላችሁ። ሲያበቃ ግን እውነቱን ንገሯቸው፣ ሳይነገራቸው አይሂዱ። ቅር የሚለው ካለ ያያችሁትን አትጠቀሙበት።

የሸማኔ_ልጅ · ረቡዕ ጠዋት 4፡20

እኔ ስለ ኮምፒውተር አላውቅም፣ አባቴ ሸማኔ ነው። ስለሚለበስ ነገር ካወራችሁ ግን የኛም ሙያ ነው። ማሰሪያው ከምንድን ነው? ፕላስቲክ ከሆነ ያልባል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ እናቶች ሁለተኛ ቀን ላይ ፈትተው ያስቀምጡታል። የተፈተለ ጥጥ አጥብቆ ተሸምኖ ይሠራል፣ ይታጠባል፣ ዳሩ ላይ ትንሽ ጥለት ቢገባበት ደግሞ በደስታ ነው የሚያደርጉት። የሚነዝረው ነገር ግን ቆዳ ላይ በቀጥታ ይድረስ፣ ጥጥ ንዝረትን ይውጠዋል። በአንድ እጅ የሚታሰርም ይሁን፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ ማን ያስርላቸዋል?

አንገት ላይ ይንጠልጠል ካላችሁ ደግሞ ማተብ እንዳለ አትርሱ። ከሱ ጋር እንዳይያያዝ፣ እንዳይጠላለፍም።

የቀሃ_ልጅ · እሑድ ማታ 1፡15

ወገኖቼ፣ አምስት ቀን ዝም ያልኩት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው።

ኮዱን አልነካሁትም መጀመሪያ። ከካርቶን ስክሪኑን የሚያክል ክብ ቆርጬ መልእክቶቹን በእጄ ጻፍኩባቸው። ለእናቴና ለአራት ጎረቤቶቻችን ቡና ላይ አሳየኋቸው። ቃኘት ያድርጉ፣ እደብቀዋለሁ፣ ምን እንደሚል ይነግሩኛል። በድሮው ፊደል መጠን ሁለቱ ጭራሽ ማንበብ አልቻሉም። እኔ ወር ሙሉ በዚያ መጠን ስሠራ ነበር። አንዷ ፊደል አያውቁም፣ ለሳቸው የሰሐንና የክኒን ሥዕል ሣልኩ፣ ወዲያው ገባቸው። ሥዕሉን ለሁሉም አደረግኩት።

ንዝረቱን ከ11 ወደ 2 አወረድኩት። ሲስተር እንዳሉት የእናቴን እጅ ፈተሽኩ፣ ቀኟ ላይ ደከም ይላል፣ ግራዋ ላይ ደህና ይሰማታል። ግራዋ ላይ አሰርኩት። አሁን አንድ ረጅም ምት ይነዝራል፣ ሰሐን ይመጣል፣ «በልተዋል?» ይላል። ከበላች ቁልፉን ትጫናለች፣ ክኒኑ ይመጣል። ካልበላች ዝም ትለዋለች፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመለሳል። የጾም ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ 9 ሰዓት ላይ ነው፣ ሐኪሟን ጠይቀን ተስማምተናል። ሰዓቱም በኛ አቆጣጠር ነው፣ ቦነስ አይረስ ሳንሄድ።

ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ። ዝም ስትለኝ አልበላችም ነው ወይስ አላየችውም? ሁለቱ ለኔ አንድ ሆነው ነው የሚታዩኝ። ሐሳብ ያለው ይርዳኝ።

ከሁሉ የገረመኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ትናንት ሰዓቱ «በልተዋል?» ሲላት እናቴ ቁልፉን ሳትጫን ወደኔ ዞረች። «ይኼን የሠራሽው አንቺ አይደለሽ? ታዲያ ምነው እንደ ባዕድ አንቱ ትይኛለሽ?» አለችኝ። ልክ ናት። እኔ እኮ በሕይወቴ እናቴን አንቱ ብያት አላውቅም። ለጎረቤቶቻችን «በልተዋል?» እንዳለ ቀረ፣ እነሱ እንደዚያ ነው የሚፈልጉት። የሷን ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ቀየርኩት። ዛሬ ከቅዳሴ ስትመለስ ነዘረ። «እማ፣ በላሽ?» ይላል አሁን። እንጀራዋን ከበላች በኋላ ቁልፉን ተጫነችው።

ሮቦቱን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ግቢያችን ውስጥ በመጋረጃው ዘዴ እንሞክረዋለን። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ አባቶችና እናቶች ቢመጡልን ደስ ይለናል፣ ሻይ ቡና አለ።

ጠጋኙ_አራዳ · እሑድ ማታ 1፡40

አባቴን ይዤ እመጣለሁ፣ 74 ዓመታቸው ነው፣ ያልገባቸውን ዝም ብለው አያልፉም። ስለ ቁልፉ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሁለት ጊዜ ሲጫኑት «ገና ነኝ» ማለት ቢሆንስ? ያኔ ዝም ካሉ አላዩትም ማለት ነው። ነገ ሱቅ አምጪው፣ ከአሁኑ ቁልፍ ጠንከር ያለ አለኝ፣ አብረን እንግጠመው።

የሸማኔ_ልጅ · እሑድ ማታ 1፡52

አባቴ ማሰሪያውን እስከ ዓርብ እጨርሳለሁ ብሏል። የእናትሽን የግራ እጅ ልኬት ላኪልኝ፣ ጥለቱ ምን ቀለም ይሁንም ብለሽ ጠይቂያቸው።